ሽረት በአዲስ አበባ፣ ሹመት በራባት

መጋቢት 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሐሙስ፣ ዐቢይ ጾም ወደ እኩሌታው በተቃረበበት በመፃጉዕ ሳምንት፣ ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ወህኒ ቤት በነበረበት መሬት ላይ በቆመው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ውስጥ፣ ከየአገሩ የመጡ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን መሪዎች ተራቸው ሲደርስ ከመቀመጫቸው እየተነሡ፣ ከሁለት ስሞች አንዱን በምስጢር መርጠው ወረቀታቸውን ወደ ሣጥኑ ይጨምሩ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ካፍ፣ ጠቅላላ ጉባኤውን የጠራው በዚህ አዳራሽ ነው። ከሁለቱ ዕጩዎች አንዱ ማኅበሩን 29 ዓመት ሙሉ የመሩት የካሜሩኑ ኢሳ ሀያቱ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ከደሴት አገራቸው ከማዳጋስካር ውጭ ስማቸው እምብዛም ያልተሰማ አህመድ አህመድ ነበሩ።

ቆጠራው ሲያበቃ አህመድ 34፣ ሀያቱ 20 ድምፅ ማግኘታቸው ተነገረ። አዳራሹ በጭብጨባና በጩኸት ተናወጠ፤ ልዑካኑ እርስ በርሳቸው ተቃቀፉ። ጧት ፕሬዚዳንት ሆነው የገቡት የ70 ዓመት አዛውንት ከሰዓት በኋላ ያለ ሹመት ወጡ። ካፍ በዚያ ዓመት የተመሠረተበትን 60ኛ ዓመት ይዞ ነበር፤ ከስድሳው ዓመት እኩሌታ የሚያህለው ዘመነ ሀያቱ ነውና፣ ብዙ የአፍሪካ ኳስ ተጫዋቾች ተወልደው፣ አድገው፣ ተጫውተው፣ ጫማቸውን እስኪሰቅሉ ድረስ ሌላ ፕሬዚዳንት አላዩም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቀንና ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሆነው ነገር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኢሳ ሀያቱ በ1946 በሰሜን ካሜሩን በጋሩዋ ከተማ ከባላባት ቤተ ሰብ ተወለዱ። ወንድማቸው ሳዱ ሀያቱ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው የ400 እና የ800 ሜትር ሯጭ፣ የቅርጫት ኳስም ተጫዋች ነበሩ፤ ወደ እግር ኳስ አስተዳደር የገቡት በፌዴሬሽኑ ዋና ጸሐፊነት ነው። በመጋቢት 1988 በካዛብላንካ የካፍን መንበር ሲይዙ ገና 41 ዓመታቸው ነበር።

ስለ ሥራቸው የሚመሰክር ሰው እውነቱን ሊናገር ቢወድ፣ ምስጋናውን ከነቀፋው አስቀድሞ ሊያኖር ይገባዋል። ሥልጣን ሲይዙ የአፍሪካ ዋንጫ የ8 ቡድኖች ውድድር ነበረ፤ በ1992 ወደ 12፣ በ1996 ወደ 16 አደገ። በዓለም ዋንጫም የአፍሪካ ድርሻ ሁለት ቦታ ብቻ የነበረው በ1994 ሦስት፣ በ1998 አምስት ሆነ። በ2010 ደግሞ የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በደቡብ አፍሪካ ተደረገ። እነዚህን የሚያህሉ ነገሮች በአንድ ሰው ብቻ አይሠሩም፤ ነገር ግን በእሳቸው ዘመን ተሠርተዋል።

ነቀፋውም ቀላል አይደለም። በጥር 2010 የቶጎ ብሔራዊ ቡድን አውቶቡስ በአንጎላ ካቢንዳ በታጣቂዎች ተተኩሶበት የሰው ነፍስ ከጠፋ በኋላ፣ ቡድኑ በመንግሥቱ ትእዛዝ ወደ አገሩ ሬሳውን ይዞ ቢመለስ፣ ካፍ መጽናናትን በመላክ ፈንታ ውድድር አቋርጣችኋል ብሎ ከሚቀጥሉት ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች አገዳቸው፤ እገዳው የተነሣው የዓለም አቀፉ ማኅበር ፊፋ በመካከል ገብቶ ነው። በ2011 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ፣ አባሉ የነበሩትን ሀያቱን፣ ከአንድ የስፖርት ንግድ ድርጅት ከዓመታት በፊት ስለ ተቀበሉት ገንዘብ ገሠጻቸው፤ እሳቸው ገንዘቡ ለካፍ በዓል የዋለ ነው ብለዋል። የአዲስ አበባው ምርጫ ሊደርስ ሲልም፣ የካፍን ውድድሮች የቴሌቪዥንና የንግድ መብት እስከ 2028 ድረስ ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ በአንድ ቢሊዮን ዶላር ስለ ሰጠው ውል የግብፅ የገበያ ውድድር ባለ ሥልጣን ክስ አንሥቶባቸው ነበር።

ነገር ግን በውጭ ያለ ሰው ሁሉ ይጠይቅ የነበረው ይህን ነበር፤ ይህ ሁሉ ነቀፋ እያለ፣ በየአራት ዓመቱ ምርጫ እየተደረገ፣ አንድ ሰው 29 ዓመት እንዴት ይቀመጣል?

መልሱ ከሰውየው ጠባይ ይልቅ በሥርዐተ ምርጫው ውስጥ ይገኛል። በካፍ ጉባኤ አንድ አገር አንድ ድምፅ አለው፤ ሁለት መቶ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ናይጄሪያና መቶ ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ሲሸልስ በሣጥኑ ፊት እኩል ናቸው። ድምፅ የሚሰጠው ተጫዋቹ ወይም ተመልካቹ ሳይሆን የፌዴሬሽኑ መሪ ነው። ይህ መሪ ደግሞ ከካፍ ብዙ ነገር ይፈልጋል፦ የወጣቶች ውድድር እንዲስተናገድለት፣ ዳኞቹና ኮሚሽነሮቹ በየጨዋታው እንዲመደቡለት፣ ራሱም ከቋሚ ኮሚቴዎች በአንዱ ተሹሞ የጉዞና የውሎ አበል እንዲያገኝ። የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱና ሥራ አስፈጻሚው ናቸው፤ የሚመርጣቸው ደግሞ ተቀባዩ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል በሚባልበት ዓለም ውስጥ፣ ሰጪና ተቀባይ እንዲህ ሲተሳሰሩ መንበር በቀላሉ አይነቃነቅም።

ስለዚህም በሀያቱ ዘመን ሊወዳደሩ የደፈሩት ከአዲስ አበባው ቀን በፊት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ2000 የአንጎላው አርማንዶ ማሻዶ ቀርበው በ47 ለ4 ተሸነፉ፤ በ2004 የቦትስዋናው ኢስማኤል ባምጂ ቀርበው በ46 ለ6 ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ራሱ በር ወደ መዝጋት ደረሰ። በ2012 በተሻሻለው ደንብ ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር የሚችለው የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አባል የሆነ ሰው ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ በዚህም የኮት ዲቯሩ ዣክ አኑማ ከውድድር ውጭ ሆኑና በ2013 በማራኬሽ ሀያቱ ያለ ተፎካካሪ ተመረጡ። በ2015 ደግሞ ለባለ ሥልጣናት የተቀመጠው የ70 ዓመት የዕድሜ ገደብ ተነሣ፤ ሰውየው 70 ሊሞላቸው ከአንድ ዓመት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ሲቀራቸው መሆኑ ነው። እነዚህ ለውጦች ሁሉ በጉባኤ፣ በድምፅ ብልጫ፣ በቃለ ጉባኤ ተጽፈው የጸደቁ ናቸው፤ በዚያ መንበር ዙሪያ ሕግን መጣስ አላስፈለገም፤ ሕግን መጻፍ በቅቷልና።

ይህ የአንድ አገር አንድ ድምፅ ሥርዐት ግን ስለዚህ ብቻ ሊነቀፍ አይገባም። አፍሪካ በዓለም እግር ኳስ ፊት ክብሯን ያገኘችው በእሱ ነው፤ በዚህም ነገር የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም ከፊተኞቹ ተርታ ይጠራል።

ካፍ በየካቲት 1957 በካርቱም ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ አራቱ አባላት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ቀረች። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት፣ በ1962 ኢትዮጵያ ዋንጫውን ስትወስድ ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ ነሐሴ 1987 ድረስ አገልግለዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የፊፋ መሪ የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ በ1963 ደቡብ አፍሪካን ጐብኝተው ሲመለሱ በአፓርታይዱ ፌዴሬሽን ላይ የነበረው እገዳ እንዲነሣ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የአፍሪካና የእስያ ድምፅ በቶኪዮ ጉባኤ እገዳውን መለሰው። ለ1966 የዓለም ዋንጫም አፍሪካና እስያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ ይሻማሉ ስለ ተባለ፣ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ፤ በ1970 ለአፍሪካ ብቻዋን የሆነች ቦታ ተሰጠች።

ይህ ክርክር በሰኔ 1974 በፍራንክፈርት ተቋጨ። ብራዚላዊው ዣው ሀቫላንጅ ከራውስ ጋር ሲወዳደሩ አፍሪካን አገር ለአገር ዞረው፣ የዓለም ዋንጫ እንደሚሰፋና አፓርታይድ እንደሚገለል ተስፋ ሰጥተው ነበር። በሁለተኛው ዙር 68 ለ52 አሸነፉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች፤ በ1982ም የዓለም ዋንጫ ወደ 24 ቡድኖች ሲሰፋ አፍሪካ ሁለት ቦታ አገኘች። አቶ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው ድምፃቸውን የሰጡት ዋጋ ተቀብለው ነው ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ዋጋው ግን በግልጽ የተነገረ፣ ለአህጉሩ ሁሉ የሚከፈል ዋጋ ነበር። የአፍሪካ ድምፅ የዓለምን እግር ኳስ ንጉሥ ሊያነግሥና ሊሽር እንደሚችል ሁሉም ያወቀው በዚያ ቀን ነው፤ ይህንንም ዕውቀት ከጊዜ በኋላ የተጠቀሙበት አፍሪካውያን ብቻ አልነበሩም።

የአዲስ አበባው ምርጫ ሥር ከዚህ ላይ ይጀምራል። በየካቲት 2016 ፊፋ በዙሪክ አዲስ ፕሬዚዳንት ሲመርጥ፣ በጊዜያዊነት ፊፋን ይመሩ የነበሩት ሀያቱ ራሳቸው ነበሩ። የካፍ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በኪጋሊ ተሰብስቦ ለባሕሬኑ ሼኽ ሰልማን ድጋፉን አስታውቆ ነበር። ያሸነፉት ግን ስዊዘርላንዳዊው ጂያኒ ኢንፋንቲኖ ናቸው፤ በሁለተኛው ዙር 115 ለ88። ኢንፋንቲኖ ለየአባል ፌዴሬሽኑ በአራት ዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲደርሰው ቃል ገብተው ነበር፤ ይህም ቃል ለድኻ ፌዴሬሽኖች የኮሚቴውን ውሳኔ እንዲረሱ የሚያደርግ ነበር። አዲሱ የፊፋ መሪ ለካፍ አለቃ የሚከፍሉት ውለታ አልነበራቸውም፤ ይልቁንም በአውሮፓ ካሉት አባላት በቍጥር እምብዛም የማያንሱት የአፍሪካ ድምፆች በማን እጅ እንዳሉ ማወቅ ይሹ ነበር።

በመፃጉዕ ሳምንት በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው የበሽተኛው ታሪክ፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ዓመታት የተኛውን ሰው ይነግረናል። የሀያቱ ተቃዋሚዎችም ነገር ይኸው ነበር፤ ቅሬታው ከጥንት የነበረ ነው፤ የጠፋው ቅሬታውን ወደ ድምፅ የሚያወርደው ኀይል ነበር። አህመድ አህመድ፣ የቀድሞ ሚኒስትርና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት፣ ከ2003 ጀምሮም የማዳጋስካርን ፌዴሬሽን የመሩት፣ በጥር 2017 ዕጩነታቸው ከታወቀ በኋላ፣ አገራቸው ልታስተናግደው የነበረው ከ17 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ ተወሰደባት፤ ካፍ ምክንያቱን የዝግጅት ጕድለት ቢለውም፣ የጊዜውን መገጣጠም ያላስተዋለ አልነበረም። የደቡባዊ አፍሪካ ማኅበራት ስብስብ የሆነው ኮሳፋ ለአህመድ ቆመ። በየካቲት የኮሳፋ መሪ የነበሩት ባለጠጋው ፊሊፕ ቺያንግዋ በሐራሬ ታላቅ ድግስ ደግሰው ብዙ የፌዴሬሽን መሪዎችን ሲጠሩ፣ ከእንግዶቹ መካከል ጂያኒ ኢንፋንቲኖ ተገኙ። የፊፋው ፕሬዚዳንት ለማንም መቆማቸውን በይፋ አልተናገሩም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ማዕድ ላይ አቀማመጥ ራሱ ንግግር ነው፤ ውኃውም ተናወጠ።

ከዚህ በኋላ የቀረው የድምፅ መስጫው ሰዓት ነበር። ለአንድ ትንሽ አገር የፌዴሬሽን መሪ፣ በኮሚቴ ስብሰባ እጁን ሲያወጣ አለቃው ያየዋል፤ በድግስ ላይ ሲስቅ ማን ከማን ጋር እንደ ሳቀ ይጻፋል፤ በምስጢራዊው ወረቀት ፊት ግን ማንም አያየውም። ከምርጫው በፊት ለሀያቱ ታማኝነታቸውን የገለጡት ሁሉ በእርግጥ መርጠዋቸው ቢሆን ኖሮ፣ በአዲስ አበባ የተገኘው 20 ድምፅ ከዚያ በበዛ ነበር።

አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥራቸውን በጥድፊያ ጀመሩ። በሐምሌ 2017 በራባት የአህጉሩን የእግር ኳስ ሰዎች ለምክር ሰበሰቡ፤ የአፍሪካ ዋንጫ ከ16 ወደ 24 ቡድኖች እንዲሰፋ፣ ከጥርም ወደ ሰኔና ሐምሌ እንዲዞር ተወሰነ። ለሰፋው ውድድር ዝግጅቷ ስለ ዘገየ ካሜሩን፣ የሀያቱ አገር፣ የ2019ን መስተንግዶ ተነጠቀች፤ መስተንግዶውም ለግብፅ ተሰጠ። በዚያው ውድድር፣ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፋ የማታውቀው ማዳጋስካር እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች።

ዕድሉ ግን በሜዳ ላይ ብቻ ቀረ። በግንቦት 2019 መጨረሻ በቱኒስ የክለቦች ሻምፒዮና ፍጻሜ ሲደረግ፣ የሞሮኮው ዋይዳድ ያገባው ጎል ተሻረበት፤ ተጫዋቾቹ በቪዲዮ ይታይልን ቢሉ የቪዲዮው መሣሪያ አይሠራም ተባሉ፤ ከሜዳ ወጥተው አልተመለሱም፤ ዋንጫውም ለቱኒዚያው ኤስፔራንስ ተሰጠ። ካፍ ከቀናት በኋላ ጨዋታው ይደገም ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔው ግን በስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት አልጸናም። በዚያው ሰሞን አህመድ በፓሪስ በፈረንሳይ መርማሪዎች ተይዘው ተጠይቀው ያለ ክስ ተለቀቁ። ከነሐሴ 2019 ጀምሮ የፊፋ ዋና ጸሐፊ ፋትማ ሳሙራ ለስድስት ወር የካፍ የበላይ ተቈጣጣሪ ሆነው ተላኩ። አፍሪካ በ1974 ድምፅዋን ሰጥታ ከፊፋ ክብርን ባገኘች በ45 ዓመቷ፣ የራስዋን ቤት እንዲያስተካክሉላት የፊፋን ሹም ተቀበለች።

በኅዳር 2020 የፊፋ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ለመካ ጉዞ የካፍን ገንዘብ ማውጣትን ጨምሮ በተለያዩ ጥፋቶች፣ አህመድን ለአምስት ዓመት ከእግር ኳስ አገዳቸው። የግልግል ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አደረገው፤ ፍርዱ የወጣው መጋቢት 8 ቀን 2021 ሲሆን የሚቀጥለው ምርጫ መጋቢት 12 ቀን ስለ ነበር፣ ለውድድር ሊቀርቡ አልቻሉም።

ከዚህ ላይ ነገሩ ከአዲስ አበባው ታሪክ ይለያል። ለ2021 ምርጫ አህመድ ባይኖሩም አራት ብርቱ ዕጩዎች ቀርበው ነበር፦ የደቡብ አፍሪካው የማዕድን ባለጠጋና የማሜሎዲ ሰንዳውንስ ባለቤት ፓትሪስ ሞትሴፔ፣ የሴኔጋሉ ኦጉስቲን ሴንጎር፣ የሞሪታኒያው አህመድ ያህያ፣ በ2012 ሕግ የተዘጋባቸው ዣክ አኑማም እንደ ገና። ለምርጫ ብርቅ የሆነ ዘመን ይመስል ነበር። ነገር ግን ጉባኤው ሊቀመጥ ጥቂት ሲቀረው በራባት በፊፋ አስታራቂነት ስምምነት ተደረገ፤ ሦስቱ ለሞትሴፔ ለቀቁ፤ ሴንጎር አንደኛ ምክትል፣ ያህያ ሁለተኛ ምክትል፣ አኑማ ልዩ አማካሪ እንዲሆኑ ተወሰነ። መጋቢት 12 ቀን በራባት ሞትሴፔ በጭብጨባ ተሾሙ። በ1957 ከመጀመሪያው ውድድር የቀረችው አገር ልጅ በካፍ መንበር መቀመጣቸው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የሚያሳዝነው የአቀማመጡ መንገድ ነው። በመጋቢት 2025 በካይሮ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመረጡም ተፎካካሪ አልነበራቸውም።

ይህ ልማድ በአፍሪካ ብቻ አልቀረም። ፊፋ በ2016 ባደረገው ማሻሻያ የፕሬዚዳንቱ ዘመን ከሦስት ጊዜ፣ ማለት ከ12 ዓመት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ ግን የኢንፋንቲኖ የመጀመሪያ ሦስት ዓመት እንደ ሙሉ ዘመን አይቈጠርም ተባለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በኪጋሊ በጭብጨባ ተመረጡ። ሕጉ አልተነካም፤ ቍጥሩ ብቻ ከሌላ ዓመት እንዲጀምር ሆነ።

አንዳንዶች፣ ስምምነት ከጠብ ይሻላል፣ የአዲስ አበባው ምርጫም ያወጣው መሪ አራት ዓመት ሳይሞላው ታግዷል ይላሉ። ክርክሩ ፍሬ አለው፤ የአዲስ አበባው ድምፅ ሰውን ሽሮ፣ ሰውየውን ለ29 ዓመት ያጸናውን የሰጪና ተቀባይ ሥርዐት እንደ ነበረ ትቶታልና፣ አዲሱም በዚያው ወጥመድ ገባ። ነገር ግን መሪው ክፉ ቢወጣ መድኀኒቱ የሚቀጥለው ምርጫ ነው፤ ምርጫው በስምምነት ሲተካ መድኀኒቱ አብሮ ይጠፋል። በጭብጨባ የሚሾም መሪ የሚጠብቀው የአጨብጫቢዎቹን ሳይሆን ስምምነቱን ያደረጉለትን ሰዎች ፊት ነው።

በራባት የተሠራው ስሌት ደግሞ ለሚመጡት ዕጩዎች ሁሉ ትምህርት ሰጥቷል፦ የሚወዳደር ሰው ሊሸነፍ ይችላል፤ የሚለቅ ሰው ግን ምክትል ወይም አማካሪ ይሆናል። ይህ ስሌት ካልፈረሰ፣ ዕጩነቱን እስከ መጨረሻው ቀን ያልለቀቀ ብቻ ድምፅ ይቈጠርለታል፣ የለቀቀ ግን በዚያ ዘመን በሹመት አይቀመጥም የሚል ደንብ ካልተጻፈ፣ በዝርዝሩ ላይ አራት ስም ቢጻፍም በሣጥኑ ዘንድ የሚደርሰው አንድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በካፍ ታሪክ ውስጥ ከ34ቱ ድምፅ ባለቤት ጋር ሌሎች ሁለት ሰዎች ሊታሰቡ ይገባል፤ በ2000 አራት ድምፅ ያገኙት ማሻዶና በ2004 ስድስት ድምፅ ያገኙት ባምጂ። ሁለቱም መሸነፋቸውን ዐውቀው ገቡ፤ ምርጫው እነሱን ባይሾምም፣ ምርጫ መባሉን ያገኘው ግን ከእነሱ ነው።